ሁለተኛው ሚያዝያ

የቱሊፕ ኮረት ከገበያ ሲገዛ አበባው በውስጡ አለ። በስለት ለሁለት ቢሰነጠቅ፣ በሥጋማ ንብርብሮቹ መካከል ገና ያልፈካ እምቡጥ ይገኝበታል። እምቡጡ የሚፈጠረው ኮረቱ ከማሳ ከተነቀለ በኋላ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሆላንድ፣ ሙቀቱ በሚመጠን መጋዘን ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከ12 እስከ 16 ሳምንት የሚዘልቅ ብርድ ነው።

በጌይተርስበርግ የምትኖር አንዲት የልማት ፕሮጀክት ገምጋሚ ይህን አታውቅም ነበር። ኅዳር ሲገባ ከቤቷ ፊት ያለውን ሸክላማ አፈር ቆፍራ፣ ብስባሽ ቀላቅላ፣ 50 ኮረቶችን ሹል ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀበረቻቸው። የመረጠችው አንጀሊክ የተባለውን፣ ዘግይተው ከሚያብቡት ድርብ ቱሊፖች አንዱን ነበር። አጋዘን እንዳይበላባትም ሽቦ አጠረች።

በሚያዝያ አጋማሽ ሁሉም አበቡ። ቅጠላቸው ተደራርቦ ሮዝና ነጭ የሆኑትን አበቦች ጎረቤቶቿ ፒዮኒ መሰሏቸው። ፎቶግራፉን አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ላከችላቸው። «እጅሽ ይባረክ ልጄ፤ ለእኔም ደጅ ጥቂት አምጪልኝ» አሏት። እሺ አለች።

በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል ደጋ ስላለ አንድ የድንች ዘር አባዢ ማኅበር የግምገማ ዘገባዋን አጠናቀቀች። ማኅበሩ ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን ጉደኔና በለጠ የተባሉ ዝርያዎች ተቀብሎ የመጀመሪያውን ምርት ሰብስቧል። ምርቱ የሚያስደስት ነበር። «አሠራሩ ውጤታማ ነው» ብላ ጻፈች።

በሁለተኛው ሚያዝያ ከ50ዎቹ ያበቡት 9 ብቻ ሆኑ። የቀሩት አንድ አንድ ሰፊ ቅጠል አውጥተው ቆሙ። ምክንያቱን ስታጣራ የተሳሳተችበት ቦታ ተገለጠላት። እናት ኮረቷ ባበበች ዓመት ታልቃለች፤ የሚተኳት ልጆቿ ናቸው። እነርሱ ወፍረው እንዲያብቡ ቅጠሉ እስኪደርቅ ድረስ ስድስት ሳምንት ያህል ፀሐይ መሞቅ ነበረበት፤ እሷ ግን አበባው ሲረግፍ፣ ለዓይን አያምርም ብላ አጭዳዋለች። ደግሞም ቱሊፕ የመካከለኛው እስያ ተራሮች ተክል ነውና በሙቀት ወራት ደረቅ አፈር ይፈልጋል፤ የሜሪላንድ ሐምሌ ግን ሙቀትም ዝናብም ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሚያዝያ አበባ የሆላንዱ አምራች ሥራ ነበር። የእሷ ሥራ የሚለካው በሁለተኛው ነው።

በዚያ ሳምንት የድንቹን ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ወረዳዎች ለማስፋት የቀረበው ሐሳብ ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። ዋናው ማስረጃው የራሷ ዘገባ ነበር። ድንችም እንደ ቱሊፕ ከራሱ አካል ይራባል፤ ክሽክሽ የሚያዛምተው ቫይረስ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ ዘሩን በየወቅቱ ያደክመዋል። በ1637 እ.ኤ.አ. ዋጋቸው የወደቀው የሆላንድ ዝንጉርጉር ቱሊፖችም ውበታቸው ከእንዲህ ያለ ቫይረስ የመጣ ነበር፤ ያው ቫይረስ ኮረታቸውን ያመነምነው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ምርት የለካው ከምርምር ማዕከል የመጣውን የዘር ጤንነት እንጂ የማኅበሩን አቅም አልነበረም። የታመመውን ተክል ማን ይነቅላል? ብርሃን የሚገባበት የዘር መጋዘን ማን ይሠራል? በሦስተኛው ዓመት ንጹሕ ዘር ከየት ይመጣል? ዘገባዋ አንዱንም አልጠየቀም።

ማስፋፊያው እንዲዘገይ፣ ገንዘቡም ለመጋዘንና ለዘር መረጣ ሥልጠና እንዲውል፣ ሁለተኛ ግምገማም እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበች። ይህ ማለት ዘር ሲጠብቁ የነበሩ ገበሬዎች አሁንም ይጠብቃሉ ማለት ነው። የቀድሞ ፊርማዋን በገዛ እጇ መሻርም አልቀለላትም።

ለእናቷም ስልክ ደወለች። የአዲስ አበባ ሌሊት በታኅሣሥ ቢበርድም ቀኑ ስለሚሞቅ፣ ኮረቱ በማቀዝቀዣ ከርሞ ቢተከል እንኳ አንድ ጊዜ አብቦ እንደሚቀር ነገረቻቸው።

«ለእኔ ዕድሜ አንድ ጊዜ ይበቃል» አሉ እናቷ።

ለእሳቸው ይበቃ ይሆናል። ድንቹን በየዓመቱ ለሚተክል ገበሬ ግን አይበቃም።