ከኋላዬ የሚዘምረው ማነው?

ስለ መዝሙር ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ግጥሙና ስለ ዘማሪው ልብ ነው። ዛሬ ግን ወረድ ብለን ስለ ሽቦ፣ ስለ ላፕቶፕና ስለ ሳውንድ ካርድ እናውራ። በየአጥቢያው ከመኝታ ክፍላቸው ጥግ ላይ ማይክ ተክለው መዝሙር የሚቀዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሲጽፉልንም የሚነግሩን ያንኑ ነው፦ ድምፁ ይዘገያል፣ ወይም ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል። እኛም አርባ ምንጭ ሲቀላ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ከዚሁ ጉዳይ ጋር አራት ቀን ታግለናል።

አስቀድመን ግን ስለ አዘማመሩ እንንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ ለምን እንዳስጨነቀን አይገባችሁም። የጋሞ ደጋ ሰው ሲዘምር ሁሉም በአንድ ዜማ እኩል አይሄድም። አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ሳይጨርስ ይቀበለዋል፣ ሦስተኛው ከሥር በአጫጭር ድምፅ ገባ ወጣ ይላል። የዶርዜዎች ብዙ ድምፅ ያለው አዘፋፈን በውጭ አገር የሙዚቃ ተመራማሪዎች ዘንድ ሳይቀር የታወቀ፣ የተቀዳና የተጠና ነው። በዚህ አዘማመር እያንዳንዱ ሰው የሚቆመው በሌላው ትንፋሽ ላይ ነው። የሌላው ድምፅ ዘግይቶ ከደረሰው የሚገባበትን ቦታ ያጣዋል።

የምንቀዳቸው ሦስት እናቶች ነበሩ፤ ከጨንቻ በኩል የመጡ። ከመካከላቸው ትልቋ ሰማንያን አልፈዋል። ወደ ቆላ የወረዱት ለዓይናቸው ሕክምና ሲሆን ልጃቸው ቤት የሚቆዩት አራት ቀን ብቻ ነው። እማማ በጋሞኛ የሚዘምሯቸው ሃያ አንድ መዝሙሮች በወረቀት ላይ የሉም። ከወላይታ ወንጌልን ይዘው ወደ ጋሞ ተራሮች ከወጡት አገልጋዮች ዘመን ጀምሮ ከአፍ ወደ አፍ የመጡ አሉ፣ እሳቸው ራሳቸው በደርግ ጊዜ በሌሊት ጸሎት ላይ የተቀበሏቸውም አሉ። በፊት አምስት ሆነው ይዘምሩት ነበር። ሁለቱ ወደ ጌታ ሄደዋል። የእነሱን ድምፅ የያዘ አንዳች ነገር የለም።

ክፍሏን በቻልነው አዘጋጀን። ግድግዳው ላይ ቡሉኮና ጋቢ ሰቀልን። እግረ መንገዳችንን እንንገራችሁ፣ ስፖንጅ ለመግዛት ገንዘብ የሌላችሁ ሁሉ፣ የዶርዜ ቡሉኮ ድምፅን የሚውጠው በሚያስገርም ሁኔታ ነው፤ በተለይ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ከተሰቀለ። ከዚያ ለእማማ ሄድፎን አደረግንላቸውና ጀመሩ። ሁለት ስንኝ ሳይሞላ ቆሙና ዞረው አዩን።

«ልጆቼ፣ ከኋላዬ የሚዘምረው ማነው?»

ማንም አልነበረም። የሚሰሙት የራሳቸውን ድምፅ ነው፤ ግን ዘግይቶ። ደግመን አስጀመርናቸው፣ ደግመው ቆሙ። ሦስተኛው ላይ ሄድፎኑን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና «ይሄ ሰው ያስቸኩለኛል» አሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ኮምፒውተር ድምፅን እንደ ወንዝ አያፈስሰውም፤ እንደ ውኃ ቀጂ በባልዲ ያመላልሰዋል። በሰከንድ 48,000 ናሙና እየወሰደ የተወሰነ ቁጥር ሲሞላለት አንድ ባልዲ ያስተላልፋል። ይህ ባልዲ ባፈር ይባላል። ባፈሩ 1,024 ከሆነ አንዱን ለመሙላት 21 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። መግቢያው ላይ አንድ፣ መውጫው ላይ አንድ ስላለ ከ42 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፤ ሳውንድ ካርዱ ራሱ የሚጨምረውም አለ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ይህ መዘግየት የራሳችሁን ድምፅ 15 ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው እንደ መስማት ነው። ባፈሩን ወደ 128 ብናወርደው የአንዱ ባልዲ ጊዜ 2.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይሆናል፤ ያን ማንም አይታዘበውም። ዘማሪ ደግሞ ከጊታር ተጫዋች ይልቅ መዘግየትን ቶሎ ያውቃል፤ የራሱን ድምፅ በአጥንቱ በኩልም ስለሚሰማ ሁለቱ ይጋጩበታል።

(በ2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 5 ላይ 120 ካህናት መለከት እየነፉ ከመዘምራኑ ጋር ተስማምተው እንደተሰሙ እናነባለን። ይህን ያህል ሕዝብ ሲቆም ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ሜትር ቢሆን፣ ድምፅ ያንን ለማቋረጥ ወደ 87 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ትልቅ መዘምራን የሚመራው በጆሮ ሳይሆን በዓይን የሆነው ለዚህ ነው። የኳየር መሪዎቻችን እጃቸውን ሲያነሡ ዓይኑን ከስልኩ ላይ የማያነሣ ዘማሪ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለናል።)

እንግዲህ ባፈሩን አወረድነው። የዘገየው ድምፅ ጠፋ፤ ቆሎው ግን መንጣጣት ጀመረ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ባልዲው ትንሽ ከሆነ ቀጂው ቶሎ ቶሎ መመላለስ አለበት። አንድ ጊዜ እንኳ ሌላ ጉዳይ ይዞት ከዘገየ ባዶ ባልዲ ይደርሳል፤ ያ ባዶ ነው ጠቅ የሚለው። ስለዚህ መዘግየትና መንጣጣት ሁለት የተለያዩ ችግሮች አይደሉም። አንዱን ስትጫኑት ሌላው ይነሣል።

በዚህ ጊዜ ምክር ከየአቅጣጫው መጣ። አንዱ ወንድም «ራም ጨምሩ» አለን፣ ሌላው «ላፕቶፑን ቀይሩት»። አንድ የምንወደው አገልጋይ ደግሞ ይህ መዝሙር እንዳይወጣ የጠላት ውጊያ ነው አለን። አብረን ጸለይን፤ እንዲህ ያለውን ጸሎት አናቃልልም። ግን እውነቱን እንናገር፣ ጠቅ ያለ ሁሉ ጠላት አይደለም። አንዳንዱ ዋይፋይ ነው።

ለእማማ ጭንቀት መልሱ ሳውንድ ካርዱ ላይ ነበር፤ የማይኩን ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ሳያስገባ በቀጥታ ወደ ሄድፎን የሚልክ ቁልፍ። ዳይሬክት ሞኒተር ይባላል፤ በርካሾቹ ላይም ሳይቀር አብዛኛውን ጊዜ አለ። እሱን ስትከፍቱ ዘማሪው ራሱን የሚሰማው በዚያችው ቅጽበት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የዚያው ትራክ መስሚያ መዘጋት አለበት፣ አለዚያ ሁለት ድምፅ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ባፈሩ ትልቅ ቢሆን ማንንም አይጎዳም፤ የምትቀዱበት ፕሮግራም ሪፐርም ይሁን ኩቤዝ የዘገየውን ራሱ አስልቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በእኛ አስተያየት ቤት ውስጥ ድምፅ ለሚቀዳ ሰው ከአዲስ ላፕቶፕ ይህች ቁልፍ ትበልጣለች። እማማ ሄድፎኑን መልሰው አድርገው ጥቂት ካንጎራጎሩ በኋላ «ሄደ» አሉ። ሰውየውን ማለታቸው ነው።

ባፈሩን 1,024 ላይ አደረግነውና የመጀመሪያውን ቀን ሦስት መዝሙር ቀዳን። ማታ ስንሰማው ግን በየአራት አምስት ደቂቃው አሁንም ጠቅ ይላል። በትልቅ ባልዲም ባዶ የሚደርስ ከሆነ ቀጂውን ለረጅም ጊዜ የሚያስቆመው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ላተንሲሞን የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ከፍታችሁት ስትጠብቁ የትኛው ድራይቨር ኮምፒውተሩን ከሚገባው በላይ ይዞ እንደሚያቆየው በስም ያወጣዋል። ለሃያ ደቂቃ ተውነው። የወጣው የዋይፋዩ ድራይቨር ነው። ከቅንብር ውስጥ ስንዘጋው በየጊዜው የሚመጣው ጠቅታ ቆመ። ብሉቱዝንና በራሱ ጊዜ ፋይል የሚፈትሸውንም ሁሉ አብረን ዘጋነው። ድራይቨርን ካነሣን፣ የሳውንድ ካርዳችሁ አምራች የራሱ የአሲዮ ድራይቨር ካለው እሱን ጫኑ። አሲዮ ሽታይንበርግ የተባለው የጀርመን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው፣ ድምፅ በዊንዶውስ የተለመደ ረጅም መንገድ ሳይዞር በአቋራጭ እንዲያልፍ የሚያደርግ ስልት ነው። አሲዮ ፎር ኦል የሚባለው ምንም ለሌለው ሰው ይጠቅማል፤ ግን ካለው ድራይቨር በላይ የሚለበስ ልብስ እንጂ ራሱን የቻለ አካል አይደለም።

ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁሉ ሰላም ነበር። ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን መንጣጣቱ ተመለሰ፤ ዋይፋዩ ተዘግቶ ሳለ! አርባ ምንጭን የምታውቁ ታውቃላችሁ። በአባያና በጫሞ መካከል ያለ ቆላ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በቡሉኮ በታሸገ ክፍል ውስጥ እኩለ ቀን ላይ የሚሆነውን ሙቀት መገመት ትችላላችሁ። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ባልዲው ይዘገያል። ላፕቶፑን በሁለት ጡብ ላይ አንሥተን አየር ከሥር እንዲገባው አደረግን፣ ማራገቢያ ግን አልከፈትንም፤ ማይኩ ይሰማዋል። የተሻለው መፍትሔ የሰዓት ነው። በቀሩት ቀናት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ቀዳን። ለእናቶቹ ይህ ምንም ችግር አልነበረም፤ ሌሊት ለጸሎት መነሣት የለመዱ ናቸው። የምንጎተተው እኛ ነን።

ሦስተኛው ቀን ላይ ከሥር «እምምም» የሚል ድምፅ ተሰማ። ይህ መንጣጣት አይደለም፤ አያቋርጥም፣ ባፈር ቢቀየርም አይቀየርም። በእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ ምድር የሌለው ወይም የተበላሸ ሶኬት ይህንኑ ወደ ድምፅ መስመር ያስገባዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ድምፁ ከጠፋ ከኤሌክትሪኩ ነው። ነቀልነው፣ ጠፋ። ደስታችን ግን አሥር ደቂቃም አልቆየ፤ ቆሎው መንጣጣት ጀመረ። ላፕቶፑ በባትሪ መሥራት ሲጀምር ኃይል ለመቆጠብ ሲል ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋልና! የኃይል ቅንብሩ ውስጥ ገብተን በባትሪም ጊዜ ሙሉ ፍጥነት እንዲሠራ አደረግነው፤ ዩኤስቢው እንዳያንቀላፋም ከለከልነው። ባትሪው ታዲያ አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው የሚቆየው። ሲያልቅ ሻይ፣ ሲሞላ መዝሙር። እናቶቹ ቡናቸውን ይዘው ስለ ጨንቻ ብርድ ሲያወሩ ባትሪው ይሞላል፤ በዚያ መካከል እማማ ያልቆጠሩት ሃያ ሁለተኛ መዝሙር ትዝ አላቸው።

ሦስቱን አንድ ላይ ስንቀዳ ሄድፎን አልተጠቀምንም። ለየብቻ ቀድቶ መደራረብ ለጽዳት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ለኪቦርድ መዝሙር ምናልባት። ትንፋሽ እየተጠባበቀ ለሚዘምር ሰው ግን የጓደኛውን ፊት ማሳጣት ነው። ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ሁለት ማይክ በመካከላቸው አቆምን፣ ተያይተው ዘመሩ። የሁለቱን የሄዱትን እናቶች ድምፅ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ ክፍተቱን ማንም አይሞላውም። እንዲሞሉት ብንጠይቃቸው እማማ እጃቸውን አወዛወዙ። እንዳለ ተቀድቷል።

አራተኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የመጨረሻው አለቀ፣ እማማም በዚያው ቀን ከሰዓት ወደ ጨንቻ ወጡ። ሃያ ሁለቱ መዝሙሮች አሁን በሦስት ቦታ ተቀምጠዋል፦ ላፕቶፑ ላይ፣ በአጥቢያው ካዝና ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ በልጃቸው ቤት ባለ ፍላሽ ላይ። መጀመሪያ ቀን ከገቡት ጠቅታዎች የሚበዙትን ሞገዱን አጉልተን እያየን በእጅ አለስልሰናቸዋል፤ በዝምታ ላይ ያረፈ ጠቅታ ይጸዳል። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ግን አንዷ እማማ «ጎዳ» ብለው ጌታን በሚጠሩበት ድምፅ መካከል ገብታለች። ስናጸዳት የቃሉ መጀመሪያ አብሮ እየተቆረጠ አስቸገረን፤ ስለዚህ ተውናት። ፍላሹን የምትወስዱ ሁለተኛው ላይ፣ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ አካባቢ ትሰሟታላችሁ።