የመስከረም መዝገብ

ሽንፋ ላይ ሳስተምር ስም መጥራት የሚከብደኝ ወር ጥቅምት ነበር። በመስከረም 60 ተማሪዎች ከተመዘገቡበት ክፍል በጥቅምት አጋማሽ «አቤት» የሚለኝ ግማሹም አይሞላም። ወዴት ሄዱ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከመተማ እስከ ቋራ ያለው ቆላ ሰሊጡን የሚያጭድበት ወቅት ነው። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ሳይሰበሰብ ከደረቀ ፍሬው ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይረግፋል። ከደጋው የቀን ሠራተኛ በገፍ ይወርዳል፤ ተማሪዎቼም ማጭድ ይዘው ይቀላቀሉታል።

አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ ገሠጽሁት። «ቲቸር፣ ደብተሩንም የገዛልኝ እኮ ሰሊጡ ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የባሰው የእኔው ጉዳይ ነው። ሪፖርት ስሞላ የምጽፈው የመስከረሙን ቁጥር ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ የጥቅምቱን ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁጥር በሃያ ዓመት ውስጥ ከሦስት ሚሊዮን ገደማ ወደ 18 ሚሊዮን ገደማ አድጓል። ይህን የሚያቃልል ሰው አያት ቅድመ አያቱ ፊደል ሳይቆጥሩ ማለፋቸውን የረሳ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቁጥር ውስጥ እንደ እኔ ባለ መምህር እጅ የተሞላው ስንቱ ይሆን?

በ1990ዎቹ መገባደጃ ለሁለተኛ ደረጃ የመጣው የፕላዝማ ትምህርትም ከዚሁ መንፈስ የተቀዳ ነበር። በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት፣ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይተላለፋል። ያመለጠህን ደግሞ አያሳይህም። (መብራት ከጠፋማ ለመጣውም አይደርሰውም።)

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው የተሰጠው በአብዛኛው በጥቅምት 2015 ነበር፤ ቆላው ሰሊጡን በሚሰበስብበት ወር! ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ አገሩ በኩረጃ ላይ ተረባረበ። ኩረጃው ሐሰት አልነበረም። እኔ ግን ትዝ ያለኝ የራሴ ሪፖርት ነው።

በቆላው ትምህርት በኅዳር ቢጀመር ምን ይጎድላል? የግንቦትን ሙቀትና የክረምቱን ጭቃ የሚያነሱብኝ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ሙቀትና ጭቃ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ቢያንስ ክፍል ውስጥ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋልና፣ ስለ ወር መከራከሩ ራሱ ቅንጦት መስሎ ይታየኛል። ያም ሆኖ በሮቹ ሲከፈቱ የመጀመሪያው መዝገብ በጥቅምት ይቆጠር እላለሁ፤ ቁጥሩ ቢያሳፍርም።