ትንሽ አጥሚት ቅመሱ

ቡናው እስኪፈላ ስለ ሆድ እንጫወት። ላምበረት ለዚህ ወግ ይመቻል። ከመናኸሪያው ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚሄደው ገና ሳይነጋ ይሰለፋል፤ ከዚያ የሚመጣው ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን በልቶ፣ ሆዱን ይዞ የሚወርድበት ቀን አለ። ክረምት ሲገባማ መንገደኛም ነዋሪም እኩል ነው። በ2008 አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ ገብቶ ጥሬ ሥጋና ሰላጣ የተፈራበትን፣ ውሃ አፍልቶ መጠጣት የየቤቱ ወሬ የሆነበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ።

ዛሬ የማነሳው ግን ሕመሙ በረድ ሲል ያሉትን ቀናት ነው። ትውከቱ ቆሟል፣ ተቅማጡ ቀንሷል፤ ሰውየው ግን ጉልበቱ ከድቶት ግድግዳ ይዞ ይሄዳል። ያን ጊዜ ቤተሰብ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ "ሆዱ ይረፍ፣ ምንም አትስጡት" ይላል። ሌላው "ካልበላ አይነሳም" ብሎ ቅቤ የተንሳፈፈበት ዶሮ ወጥ ያቀርባል። ሁለቱም ስለሚወዱት ነው፤ ሁለቱም ግን ይጎዱታል። በተለይ ሕፃን ልጅን ማስራብ አጥብቄ የምቃወመው ነገር ነው። የሚጠባ ከሆነ ጡት አይቋረጥበት፤ ምግብ ከጀመረም ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ። የተጎዳ አንጀት የሚጠገነው በምግብ ነው።

ከምግቡ ጎን ለጎን የወጣው ውሃና ጨው መተካት አለበት። ኦአርኤስ የምንለው እሽግ የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ በብርጭቆ ግምት አይሆንም። ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ካለ ልኩ እሱ ነው፣ ከሌለ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር። ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛበታል። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታግሶ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ግን ስኳሩና ጨው አብረው ሲገቡ ነው አንጀት ውሃውን በደንብ የሚስበው። በፈረንጆች 1971 የባንግላዴሽን ስደተኞች ኮሌራ ሲፈጃቸው፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ይህንኑ በበርሜል አስበጥብጠው በማጠጣት ብዙ ሕይወት አትርፈዋል። ሰገራው ላይ ደም ከታየ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከጠፋ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን ቤት መቀመጥ የለም፤ ጤና ጣቢያ ነው።

አሁን አጥሚቱን ለመሥራት ወደ ማጀት እንግባ። አውቶቡሶቹ የሚሄዱበት የሰሜን ሸዋ ደጋ የገብስ አገር ነው፤ ከዚያ ዘመድ የላከው ዱቄት ካለ እሰየው፣ ከሌለ የአጃውም ይሆናል። ዱቄቱን እንዳይጓጉል አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ፣ ከዚያ የፈላው ውሃ ላይ እያማሰሉ ማፍሰስ። ሲንተከተክ ለማውረድ አትቸኩሉ፤ የዱቄቱ የጥሬ ሽታ እስኪጠፋ ይብሰል። ከጭልፋው ላይ ሳይቆራረጥ እንደ ክር ሲወርድ ደርሷል። ለአራስ ቢሆን ቅቤው፣ ማሩ፣ ወተቱ ይገባበት ነበር፤ ለታመመ ሆድ ግን ቆንጠር ያለ ጨው ይበቃዋል። ከተቅማጥ በኋላ አንጀት የወተቱን ስኳር የሚፈጭበት አቅም ለጥቂት ቀን ሊቀንስ ይችላል። ወተት የጠጣ ሰው ሆዱ ተነፍቶ "አገረሸብኝ" የሚለው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ፈረንጆቹ ለረጅም ጊዜ ሙዝ፣ ሩዝ፣ የተፈጨ ፖምና ጥብስ ዳቦ ብቻ ያዙ ነበር። ዛሬ የሕፃናት ሐኪሞች በእነዚህ ብቻ መወሰንን አይመክሩም፤ ፕሮቲንና ቅባት ያንሳቸዋል። ስለዚህ በአጥሚት ጀምሮ ወደ ቅቅል ድንች፣ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ከዚያ ቅቅል እንቁላልና ዘይቱ ያልበዛ ክክ አልጫ ማለፍ ነው። አልጫውን "የበሽተኛ ምግብ" ብለን አንናቀው። ቀስ ብሎ የበሰለ ክክ፣ እርድ ነካ ተደርጎበት፣ ምላስ ላይ የሚሟሟ ሲሆን እኔ ጤነኛ ሆኜም እመርጠዋለሁ።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ፌጦውን ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጣችሁ ለሰው አታጉርሱ። እናቶቻችን ለሆድ ቁርጠት ያውቁታል፣ አከብረዋለሁ፤ ገና ያልዳነ ሆድን ግን ያቃጥላል። ቡናም ቢሆን አንጀትን ስለሚያነቃቃ ጥቂት ቀን ይቆይ፤ በሽተኛው ከስኒው ይልቅ ለስለስ ያለ የጦስኝ ሻይ ይዞ አብሮን ይጫወት። በርበሬው መጨረሻ ይምጣ፣ እሱም በትንሹ።

ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉን አልቀምስም የሚሉ እማማም ቤት ውስጥ አይጠፉም። በሽተኛ ጾም እንደማይገደድ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ከእኛ ጭቅጭቅ ይሻላል። እስከዚያው በውሃ የተሠራው አጥሚትና ክኩ ከጾማቸው ጋር ስለማይጣላ፣ "እማማ፣ ትንሽ ቅመሱልኝ" ብሎ ሞቅ እንዳለ ማቅረብ ነው።