ብርና ዶላር ከጉና ተራራ ሥር

የአንድ አገር ገንዘብ በሌላው አገር ገንዘብ ስለሚመነዘርበት ዋጋ ሲነገር፣ ነገሩ የባንክ ሰዎችና የታላላቅ ነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን በደብረ ታቦር ተወልጄ እዚያው በመንግሥት ሥራ ላይ የምገኝ እንደ መሆኔ፣ ነገሩ ከጉና ሥር እስካለው ገበሬ ጎተራ ድረስ እንደሚዘልቅ በየዓመቱ አያለሁ። እንዲያውም ይህ ሕዝብ ምንዛሪን ከባንክ አልተማረም ብዬ አምናለሁ።

ባንክ ከመምጣቱ አስቀድሞ በአገራችን ሁለት ገንዘቦች ጎን ለጎን ይሠራባቸው ነበር፤ እነዚህም ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ናቸው። ጠገራው የኦስትሪያይቱ የማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ነው። እርስዋ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ከሞተች በኋላም የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ ቀርቷል። ክብደቱ 28 ግራም ሲሆን ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። አሞሌው ደግሞ ከአፋር ቈላ እየተቈረጠ ወደ ደጋ ይወጣል። በይፋግ ገበያ አንድ ጠገራ ስንት አሞሌ እንደሚመነዝር የሚወስነው አዋጅ ሳይሆን መንገድ ነበር፤ ወደ ጨው አገር በቀረቡ መጠን አሞሌው ይረክሳል፣ በራቁ መጠን ይወደዳል፤ ክረምት ገብቶ ወንዞች በሞሉ ጊዜም ዋጋው ይወጣል። ነጋዴው ይህን ሁሉ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ ያሰላው ነበር።

እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ በዘመቱ ጊዜ፣ የራሳቸውን ገንዘብ በዚህ አገር የሚቀበላቸው እንደሌለ ስላወቁ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጠገራ ይዘው መጡ። በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ ሲጎተት፣ የጠላት ጦር ደግሞ የሚጎትተው ብር ነበረው። ኢጣልያኖችም በኋላ ሕዝቡ የወረቀት ሊራቸውን ቢጠላባቸው ጊዜ ይህንኑ ጠገራ በሮም እስከ መምታት ደርሰዋል። በእኛ በኩል ዳግማዊ ምኒልክ 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበትን የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስመትተው ነበር፤ ነገር ግን ገበያው ከለመደው ጠገራ ፈጥኖ አልተላቀቀም።

አሁን የምንገለገልበት ብር መነሻው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። የውጭ አገር ሰው «የኢትዮጵያ ዶላር» ሲለው እኛ ከመጀመሪያው አንሥቶ ብር ብለነዋል፤ ስለዚህ በ1969 ዓ.ም. ስሙ ተለወጠ ሲባል የተለወጠው የእነርሱ አጠራር እንጂ የእኛ አይደለም። አንዱ ብር በዚያን ጊዜ 40 ያህል የአሜሪካ ሳንቲም ያወጣ ነበር። በ1956 አንዱ ዶላር 2 ብር ከ50 ሆነ፤ በ1964 ወደ 2 ብር ከ30፣ በ1965 ወደ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ወረደ። ይህ የመጨረሻው መውረድ ብዙ ሰው የብር ብርታት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ዶላሩ ራሱ በወርቅ ሲመዘን ሁለት ጊዜ መቀነሱ ነው፤ ብራችን በነበረበት ቆመ እንጂ አልተነሣም።

ከዚያ በኋላ ወደ 20 ዓመት ያህል፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ረኃብ ሲገባ፣ ጦርነት ሲነድ፣ 2 ብር ከ7 ሳንቲም አልተነቃነቀም። ይህን ጽናት ብለው የሚያመሰግኑ አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋራ አይደለሁም። በጥቁር ገበያ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ እየተሸጠ በባንክ ያው መሆኑ ሚዛንን በእጅ ደግፎ እንደ መያዝ ያለ ነው። እጁ ሲነሣ መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. ዶላሩ 5 ብር ገባ። በዋዜማው በባንክ 1,000 ብር የነበረው መምህር በመንግሥቱ ሒሳብ 483 ዶላር ያህል ነበረው፤ ሲነጋ 200 ቀረው። ዋጋው በ2002 ነሐሴና በ2010 ጥቅምት እንደገና ዝቅ ተደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ተነሥቶ በዓመቱ ከ130 በላይ ሆነ። ያ 1,000 ብር ወለዱ ሳይቈጠር ዛሬ 8 ዶላር አይሞላም። የአያቶቻችን ጠገራ ግን ወይ ከመሬት ተቀብሮ ወይ ለአንገት መስቀል ቀልጦ፣ ያው የብር ማዕድን ነው።

በ2017 ዓ.ም. በጋ ወንዛዬ ፍል ውኃ ለመታጠብ ወርጄ ሳለ፣ ከፋርጣ የመጡ አንድ ሽማግሌ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን ሰምተው ኖሮ፣ «ልጄ፣ ድንቼን የምሸጠው በብር፣ ማዳበሪያውን የምገዛው በብር፤ ታዲያ የሚያስወድድብኝ የማን ገንዘብ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አባቴ፣ ማዳበሪያው ከባሕር ማዶ በመርከብ ጅቡቲ ድረስ ሲመጣ የሚከፈለው በዶላር ነው» አልኋቸው።

ጥቂት አስበው፣ «እንግዲያ እንደ አሞሌው ነዋ! መንገዱ ረዘመብን በለኝ» አሉ።

እንደዚህ ያለ ማብራሪያ ከብዙ መጽሐፍ አላገኘሁም። ይሁን እንጂ መንገዱ አልረዘመም፤ ያነሰው እኛ በመልሱ የምንጭነው ነው። ቡናችን፣ ሰሊጣችን፣ ወርቃችን የሚያመጣው ዶላር ነዳጁንና ማዳበሪያውን ለመግዛት ሳይበቃ ሲቀር፣ ዶላሩን የሚሻው ሰው ብሩን ይጨምራል። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ፣ «ታዲያ ለፎገሬዎቹ ደኅና ሆኗላ!» አሉኝ። አልተሳሳቱም። ከውጭ የሚመጣው ሩዝ በዶላር ሲወደድ የፎገራ ሩዝ ፈላጊው ይበዛል፤ የብር መውረድ የሚጠቅመው ሰው የለም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የፎገራው ገበሬም ያንኑ ማዳበሪያ ይገዛል። በደመወዝና በጡረታ የሚተዳደረው ደግሞ የሚያስወድደው ሩዝ የለውም።

ከፍል ውኃው ስንወጣ ሽማግሌው ነጠላቸውን እያጣፉ አንድ ነገር ጨመሩ፤ «ዘንድሮ የሚታደለን ማዳበሪያ በፊተኛው ዶላር የተገዛ ነው ወይስ በኋለኛው?» እኔም መንግሥት ከዋጋው ከፊሉን እንደሚደጉም ነገርኋቸው። «የተረፈውን ከፊልስ?» አሉና በትራቸውን አንሥተው ወደ ዳገቱ ሄዱ።