የእማዬ ማንጎ

አሶሳ ውስጥ ማንጎ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። የእኛን ዛፍ የተከለችው እማዬ ናት። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ስትመጣ ማንጎ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ፍሬውን ያቀመሷት፣ «ዘሩን አትጣይው፣ ቅበሪው» ያሏትም የበርታ ጎረቤታችን ናቸው። ዛሬ እሳቸው የሉም፤ ዛፉ ግን አለ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነጩ ተባይ ያዘው። ይህ ተባይ በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ነው። ቅጠሉን ያቢጫል፣ ቅርንጫፉን ያደርቃል። እማዬ ዛፏ ሳይሞት ልጁን ማየት ፈለገች።

ወይን ቢሆን ቀላል ነበር። ከወይን ዘር የሚበቅለው እንደ እናቱ አይሆንም፤ ሦስት አራት ዓይን ያለው ቁራጭ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢሰካ ግን ሥር አውጥቶ ያንኑ ወይን ያፈራል። የማንጎ ቁራጭ በቀላሉ ሥር አይሰድም። የቀረን ወይ ዘሩን መትከል ወይ ማዳቀል ነበር።

የማንጎ ዘር ሲደርቅ ስለሚሞት ቶሎ መተከል አለበት። ከአንዱ ዘር ብዙ ቡቃያ ከወጣ አብዛኞቹ የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። አንድ ብቻ ከወጣ የሌላ ዛፍ ድርሻም ሊኖርበት ስለሚችል ጣዕሙ አይታወቅም። እኛ የተከልናቸው አምስቱም ዘሮች አንድ አንድ ቡቃያ ብቻ አወጡ።

ስለዚህ ማዳቀልን አነሣሁ። እማዬ ግን፣ «ተቆርጦ የተለጠፈ እንዴት ልጅ ይባላል?» አለች።

አምስቱን ችግኞች አልጣልናቸውም፤ ሥር እንዲሆኑ አሳደግናቸው። ግንዳቸው እርሳስ ሲያህል አናታቸውን ቆርጠን መሐሉን ሰነጠቅን። ከአሮጌው ዛፍ ተባይ ያልነካውን ቅርንጫፍ መርጠን፣ ጫፉን እንደ ሽብልቅ ጠርበን አስገባንና በላስቲክ ጠበቅ አድርገን አሰርነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን ከሽፋኑ ካልገጠመ አይያያዝም። ከአምስቱ ሁለቱ ያዙ።

እማዬ አዲሱን ቅጠል ስታይ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ፣ «እኛስ በሰው አገር ሥር ላይ እንዲህ አይደል የበቀልነው?» አለችኝ። ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች ስለ ወይራው የጻፈውን ስንት ጊዜ በቡድን አጥንተነዋል! የገባው ቅርንጫፍ የሚሸከመው ሥሩ መሆኑን እንዳይረሳ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ግን እንደዚያ ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ጎረቤት ጎረቤቱን «መጤ»፣ «ነባር» እያለ በሚለይበት በዚህ ዘመን፣ እኛ ወጣቶች ልናስብበት ይገባል።

የተዳቀለ ማንጎ በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል፤ ከዘር የበቀለው ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። አንዱን ችግኝ እኛ ግቢ ተከልነው። ሁለተኛውን እማዬ ራሷ ተሸክማ ለሽማግሌው የልጅ ልጆች ወሰደችላቸው።