የሊጉ አውቶቡስ በአርጆ አያልፍም

እኛ የአርጆ ልጆች ነን። አርጆን የማታውቁ ከነቀምት ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ሂዱና ውረዱ፤ ደርሳችኋል። በዜና «አርጆ ደዴሳ» ሲባል የሰማችሁት ስኳር ፋብሪካውን ነው፤ እሱ ቆላው ውስጥ ነው፣ እኛ ግን ደጋው ላይ ብርድ ስንቆጥር ያደግን ነን። ወረዳችን ጅማ አርጆ ይባላል። ይህን ስም ያዙልን፣ ትንሽ ቆይተን ዋንጫ እንበላበታለን።

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ሊግ አከፋፈል ነው። ስንት ክለብ ይሁን፣ ማን ከማን ጋር ይመደብ፣ የት ይጫወቱ የሚባለው ነገር ማለት ነው። የስብሰባ አዳራሽ ወሬ ይመስላል አይደል? ለእኛም እንደዚያ ይመስለን ነበር፤ አውቶቡሱ እስኪቆም ድረስ።

በ2010 ዓ.ም. ነው። ነቀምት ከተማ በከፍተኛ ሊግ፣ ማለትም ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይጫወት ነበር። ውድድሩ ያኔ በደርሶ መልስ ነው፤ አንዴ ትሄዳለህ፣ አንዴ ይመጡብሃል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በጅማ በኩል የመጣ የእንግዳ ቡድን አውቶቡስ አርጆ ላይ ቆመ። (የቡድኑን ስም አንጠራም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።) ተጫዋቾቹ ቱታቸውን እንደለበሱ ወርደው ሁላችንም «አዴ» ብለን የምንጠራቸው ሴትዮ ሻይ ቤት ገቡ። የከተማው ግማሽ በሩ ላይ ተሰበሰበ። አንድ ትንሽ ልጅ በረኛውን ጓንትህን አሳየኝ አለው፤ በረኛው ከሻንጣው አውጥቶ አጠለቀለት። ጓንቱ እስከ ክርኑ ደረሰ። ልጁ ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር እጁን አልታጠበም ብንላችሁ አትመኑን፤ እናቱ እዚያው ማታ አጥባዋለች። ግን አልቅሷል።

በነጋታው እኛ በቅጥቅጥ ተጭነን ነቀምት ወረድን። እውነቱን ለመናገር ውጤቱን ረስተነዋል። የማንረሳው፣ ከመሐላችን ሁለቱ ትናንት አብሯቸው ሻይ የጠጣውን ተከላካይ መስደብ አቅቷቸው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አፋቸውን ይዘው መቀመጣቸውን ነው። ደጋፊ ሆኖ ይሉኝታ አይቶ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

በዚያው ዓመት ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ ባደገበት የመጀመሪያ ዓመቱ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። አያችሁ? እኛ ጅማ አርጆ፣ እነሱ ጅማ አባ ጅፋር። (የታሪክ ሰዎች «የእናንተ ጅማ ሌላ ነው» እንዳትሉን፤ የደስታ ቀን ላይ የታሪክ ትምህርት አይሰጥም።) ዋናው ግን ስሙ አይደለም። በእኛ መንገድ ማዶ ያለች ከተማ በአንድ ዓመት ከታች ተነስታ ጫፍ ላይ ከወጣች፣ ነቀምት ምን ይከለክለዋል አልን።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ያሳበደን በዚህ ምክንያት ነው። በ2011 ማብቂያ ላይ ፌዴሬሽኑ ፕሪሚየር ሊጉን ከ16 ወደ 24 ክለብ አስፍቶ በሁለት ምድብ የመክፈል ሐሳብ አመጣ። የዚያን ጊዜ ስታዲየሞቻችን እንዴት እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ፤ ኳስ ጨዋታው የብሔር ጠብ ማወራረጃ ሆኖ፣ ድንጋይ ከኳስ በላይ የሚወረወርበት ቀን ነበር። ሐሳቡም ከዚያ ፍርሃት የመጣ ነበር። እኛ ግን ፍርሃቱን ትተን ካርታውን ብቻ አየን። ደብተር አወጣንና የራሳችንን ምድብ ሠራን። ነቀምት፣ ጅማ አባ ጅፋር፣ ጅማ አባ ቡና፣ ካፋ ቡና፣ ቤንች ማጂ ቡና፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ። ከሰባቱ ሦስቱ ስማቸው ላይ ቡና ስላለ «የቡና ምድብ» አልነው። ከነቀምት ጅማ 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ማልዶ የተነሳ ቡድን ለምሳ ይደርሳል። ነቀምት ድሬዳዋ ድረስ ሂድ ከተባለ ግን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ክለቦቻችን አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ስለሆነ፣ ናፍጣው የሚቆረጠው ከውሃና ከኮብልስቶን ላይ ነው ማለት ይቻላል። በእኛ ካርታ ደግሞ ግማሹ አውቶቡስ በአርጆ ያልፋል። ለአዴ ስንነግራቸው ተጨማሪ ብርጭቆ መግዛት እንዳለባቸው ማሰብ ጀመሩ።

ሐሳቡ ሳይሳካ ቀረ። 2012 እንደ ድሮው በ16 ክለብ ተጀመረ፤ ልዩነቱ ሊጉን ክለቦቹ ራሳቸው በአክሲዮን ማኅበር መምራት መጀመራቸው ነው። እኛም ደብተራችንን አጠፍን።

2012 ለወለጋ ኳስ የሚታሰብበት ዓመት አልነበረም። ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት ድረስ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦብን ከረምን። የሊጉን ውጤት የምንሰማው ከሹፌር ነበር። መኪና ሲቆም ተሯሩጠን «ጊዮርጊስ ስንት ወጣ?» እንላለን፤ ሹፌሩ ካላወቀ ረዳቱን፣ ረዳቱ ካላወቀ ተሳፋሪውን። አንዳንዱ ተሳፋሪ እንዳያሳፍረን ብሎ የፈጠረልን ውጤት ሁሉ አለ። እንደዚያ ለፍተን ሰንጠረዡን በእጃችን ሞላነው። ስልኩ ተመለሰ። ወር ገደማ ቆይቶ በኮሮና ምክንያት የዓመቱ ውድድር በሙሉ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም። ያቺን ሰንጠረዥ እስካሁን አልጣልናትም።

ከዚያ 2013 መጣና ካርታው በእውነት ተቀየረ። ፕሪሚየር ሊጉ ከዲኤስቲቪ ጋር ተዋዋለ። ሁሉም ክለቦች ተሰብስበው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ። ሦስቱ የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ስላልነበሩ ክለቦቹ 13 ብቻ ነበሩ፤ የተመለሱት በ2017 ነው። ከፍተኛ ሊጉም በዚያው በ2013 በተመረጡ ከተሞች ላይ ተሰብስቦ መጫወት ጀመረ። ነቀምት ከተማ «ባለሜዳ» ተብሎ ሰው ከተማ ይጫወታል፤ ነቀምት ያለው ደጋፊ ፌስቡክ ላይ ያነባል።

መጀመሪያ ላይ፣ አንዋሽም፣ ደስ ብሎን ነበር። አርሰናልና ማንቸስተር በምናይበት ቤት የሀገራችን ሊግ በጥራት ሲተላለፍ አየን። ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ሲሆን ጎሉን በዝግታ ደጋግመው አሳዩን። ድንጋይ የለም፣ ዳኛ አይደበደብም፣ ተጫዋች በመንገድ ላይ ችግር አይገጥመውም። በእነዚያ ዓመታት በእኛ መንገድ የእንግዳ ቡድን ይምጣ ብሎ የሚከራከር ሰው ራሱ አውቶቡሱ ውስጥ ይቀመጥ። ይህን እናውቃለን። ግን ስክሪኑን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ካሜራው ወደ ተመልካቹ ሲዞር ባዶ ወንበር ነው። ቡድኑ ከተማው የለም፣ ከተማው ቡድኑን አያይም። ብሔራዊ ቡድናችን ራሱ በ2014 ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ባለሜዳ ሆኖ የተጫወተው ማላዊ ነው። ሀገሩ ሜዳ አጥቶ እኛ ስለ ነቀምት እናለቅሳለን።

ከመሐላችን አንዱ አሁን ሎስ አንጀለስ ነው፤ ፓርኪንግ ይሠራል። ይህን ሁሉ በስልክ ስናማርርለት ሳቀብን። እዚያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጫወቱት ፉትቦል አለ (በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበት)፣ በየአካባቢው ተቧድነው የኖሩ። የምዕራቡ ቡድን ፓክ-12 ይባላል። በቴሌቪዥን ገንዘብ የተነሳ አንድ በአንድ ከድተውት በ2024 እንደ ፈረንጆቹ ከአስራ ሁለቱ ሁለት ብቻ ቀሩ። እሱ ሰፈር ያለው ዩሲኤልኤ «ቢግ ቴን» ገባ፤ ስሙ አስር፣ አባላቱ 18። አንዱ የምድብ ጓደኛው ኒው ጀርሲ ነው፤ ወደ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚርቅ። ከፓስፊክ ዳር ያለው ስታንፎርድ ደግሞ በአትላንቲክ ዳርቻ ማኅበር ውስጥ ይጫወታል። «እናንተ ድሬዳዋ ራቀን ትላላችሁ» አለን።

አጽናናን ማለት አይደለም። እነሱ ካርታቸውን ቢቀዳድዱም ጨዋታው አሁንም ሰፈራቸው ይመጣል፤ የሚደክመው ተጫዋቹ ነው። የእኛ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ክለቦቹ አንድ ከተማ ተሰብስበው ሆቴል ይከርማሉ፣ መንገዱ ላይ ያለው ሁሉ ይቀራል። ክለብ ይጨመር፣ ይቀነስ፣ ምድብ ይከፈል ሲባል በሰማን ቁጥር ስለ ቁጥር ብቻ ይወራል። 16ም ሆነ 20 ወይም 24፣ ጨዋታው ከተማህ ካልመጣ ለነቀምት ልጅ ምኑ ነው? ያ ጓንት ያጠለቀ ልጅ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። ቼልሲን ይደግፋል። የነቀምትን በረኛ ስም ጠይቀነው አላወቀም። እኛም አላወቅንም፣ ተፋፈርን።

ባለፈው ለበዓል አርጆ ገብተን አዴ ጋ ሻይ ጠጣን። «ያ ቡድን ደህና ነው?» አሉን። የትኛው አልናቸው። ያኔ ቅዳሜ ዕለት ስድስት ሻይና አራት ፓስቲ ሳይከፈል ቀርቶ ነበር ለካ፤ ኃላፊው «እማማ፣ ነገ ስንመለስ» ብሏቸው። ሲመለሱ ግን በአምቦ በኩል አዲስ አበባ ገቡ።

«ግድ የለም፣» አሉ አዴ ብርጭቆውን እያለቀለቁ፣ «በሚቀጥለው ዙር ሲመጡ ይከፍላሉ።»

ዙሩ እንደቀረ አልነገርናቸውም። ሂሳባችንን ከፍለን ወጣን፤ የእነሱንም ልንከፍል ስንል እምቢ አሉን።