አሮጌ መልክ፣ አዲስ ፍሬን

ሞተር የሚወድ ሰው ሞተሩን እንደተገዛ አይተወውም። መቀመጫውን ያስለብሳል፣ መስታወቱን ይቀይራል፣ ታንኩን በሚወደው ቀለም ያስቀባል። በቨርጂኒያ የምንኖር እኛ አራት ጓደኛሞችም ከዚህ አልተለየንም። ልዩነቱ የእኛ ሞተር ገና ከፋብሪካው አሮጌ መስሎ የተሠራ መሆኑ ነው።

ሞተሩ የ2018 ሃርሊ ዴቪድሰን ሄሪቴጅ ክላሲክ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያገለገለ ነው የገዛነው። በወለድ መበደር አልፈለግንም፤ አራታችን ተጋርተን አንድ ዕጣ ይዘን ዕቁብ ገባን፣ ዕጣው ሲወጣልን ገዛነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡሎን ላይ የአራት ሰው ላብ አለ። የሚቀየር ነገር ካለም የአራቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ጭቅጭቁ የጀመረው ከዚህ ነው።

ታናሻችን ድሮን ሙሉ በሙሉ መመለስ ፈለገ። መሪው እስከ ትከሻ ከፍ ይበል፣ ኋላው ዝቅ ይበል፣ የፊት ፓራፋንጎ ይነሳ፣ ማርሚታው ተከፍቶ ሰፈር ያናውጥ አለ። «ድሮ እንደዚህ ነበራ!» ይለናል። የጠየቅነው ጋራዥም ዋጋውን ቆርጦ ነገረን፤ ስለ ፍሬኑ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እኛም «ድሮ እውነት እንዴት ነበር?» ብለን ማገላበጥ ጀመርን።

የሄሪቴጅ መልክ የተቀዳው በ1949 ከወጣው ሃይድራ ግላይድ ነው። ያ ሞተር ዛሬ የናፍቆት ምልክት ይሁን እንጂ በዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። ስሙንም ያገኘው የፊት ጎማውን ንዝረት በዘይት ከሚያበርደው አዲሱ ሹካ ነው። ኋላው ግን ገና ደረቅ ነበር፤ ጉድጓድ ሲገባ የነጂውን ወገብ የሚያተርፈው የመቀመጫው ሞላ ብቻ ነው። የኋላ ሾክ የመጣው በ1958 ነው።

ዓመታት አለፉና ሰው ያንን ደረቅ መልክ መናፈቅ ጀመረ። ወገቡ ግን መንገጫገጩን አልናፈቀም። ቢል ዴቪስ የተባለ መሐንዲስ መላ ዘየደ፤ የኋላ ሾኩን ከዓይን ሰወረው። ሃርሊ ሐሳቡን ገዝቶ ለ1984 ሶፍቴይል የተባለውን ሞዴል አወጣ። ሾኮቹ ከሥር ተጋድመው ስለተደበቁ ከጎን ሲታይ ምንም የሌለው ይመስላል። በ1986 ሄሪቴጅ ተከተለ። በ2018 ደግሞ ሻሲው እንደገና ተሠርቶ አንድ ሾክ ከመቀመጫው ሥር ገባ።

ነገሩ የበራልን እዚህ ላይ ነው። ድሮን የሚመስል ሞተር የሠሩት ሰዎች የድሮውን ጉድለት አልመለሱም። የመለሱት መልኩን ነው፤ ሥራውን ግን አሻሻሉት። የ1949ኞቹም ቢሆኑ የዘመናቸውን ምርጥ ነገር ነው የገጠሙት።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ለውጥ በአንድ ጥያቄ መዘንነው፤ መልክ ነው ወይስ ሥራ?

መልክ የሆነውን በደስታ ቀየርን። ታንኩን ክሬምና ጥቁር ቀይ ቀባነው። የቆዳ መቀመጫ አሠራን። ጎኑ ነጭ የሆነ ጎማ ገጠምን፤ ያውም የሚሸከመው ክብደትና የተፈቀደለት ፍጥነት ከፋብሪካው ጎማ እንደማያንስ አንብበን ነው። ሞተሩ ብቻውን 330 ኪሎ ገደማ ይመዝናላ!

ሥራ የሆነውን ግን በጥንቃቄ ያዝነው። መሪ ከፍ ሲል የፍሪሲዮን ገመዱ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹና የፍሬን ዘይት ቱቦው አብረው መርዘም አለባቸው። ስለዚህ ጥቂት ብቻ ከፍ አድርገን ቱቦውን በልኩ አስቀየርን፤ ኤቢኤሱን አልነካነውም። ኋላውን ዝቅ ማድረግ ሾኩ የሚጫወትበትን ቦታ ያሳጥራል፣ ሞተሩ ሲያጋድልም ብረቱ ቶሎ አስፋልት ይነካል። ተውነው። ፓራፋንጎውም በቦታው ቀረ። ውኃና ጠጠር የሚይዝልን እሱ ነው፤ ደግሞም የሃይድራ ግላይድ ውበት ያ ትልቅ ፓራፋንጎ ነው።

ትልቁ ክርክር ማርሚታው ላይ ነበር። ታናሻችን «ድምፅ ሕይወት ያድናል፣ ባለመኪናው ይሰማሃል» ይላል። ትልቃችን «ለሱብሒ ስትወጣ የሚሰሙህ የተኙ ሕፃናት ናቸው» አለው። አሜሪካ ውስጥ ከ1986 ሞዴል ወዲህ ያለ የመንገድ ሞተር ሲፈተን ድምፁ ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ሕግ አለ። በዚያ ላይ የዛሬ ሞተር ቤንዚኑን የሚለካው በኮምፒውተር ነው። ማርሚታው ተከፍቶ ኮምፒውተሩ ካልተስተካከለ የቤንዚኑና የአየሩ ልክ ይዛባል፣ ሞተሩም ከልኩ በላይ ሊግል ይችላል።

ታናሻችን ሁለት ሳምንት አኮረፈን። የልጅ አባት ከሆነ ሦስት ወሩ ነበር። አንድ ሌሊት በመስኮታቸው ሥር ያለፈ ማርሚታ ክፍት ሞተር ልጁን ቀሰቀሳትና እስኪነጋ ሲያባብላት አደረ። ጠዋት «የፋብሪካው ይቆይ» አለን፤ ሌላ አልጨመረም።

በደሴም፣ በጅማም፣ በሐረርም ሞተራችሁን የምታስውቡ ወንድሞች፣ የእናንተ ሞተር ከእኛው ያነሰ ይሆናል፤ ሚዛኑ ግን ያው ነው። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ መጀመሪያ የፍሬን ሸራ፣ ጎማና ሄልሜት ይገዛ። በተረፈው ቀለሙን እንደወደዳችሁ አድርጉት።

ታናሻችን አሁን ደግሞ እጀታው ላይ የቆዳ ዘርፍ ይንጠልጠል እያለ ነው። ይህ መልክ ስለሆነ፣ መሪው ሲዞር እስካልተጠመጠመ ድረስ የፈለገውን ይሁን ብለናል።